መያዣ

በጥር ነበር የመጣው፣ ይኸይስ ሾፌሩ፣
ከነአቧራው፣ ከነጥድፊያው፣ ከነግርግሩ።
ግማሽ ኩንታል የቡሬ በርበሬ፣ ዛላው የደረቀ፣
ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ተጭኖ ካለቀ፣
ኪሱን ደባበሰ፤ ሳቀ፤ አንገቱን ሰበረ፤
"ብሩ ለጎማ ወጣ" ብሎ ተናገረ።
ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ አኖረ ሚዛን ላይ፣
በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሳሙና የሚያህል ጉዳይ።

"አርሞኒካ ናት" አለኝ፣ "ጥርሷ ያልወለቀ፣
ከእኔ የምትሻል፣ ሳንባዋ ያላለቀ።
ዓባይን ተሻግሬ፣ ነቀምት ደርሼ፣
ሳምንት ሳይሞላኝ እወስዳታለሁ፣ ከፍዬ፣ ተመልሼ።"

በሰማያዊው ደብተር፣ ጻፍኩ በቀይ ስክሪፕቶ፦
"ይኸይስ፤ መቶ ሰባ ብር፤ ዕቃ መያዣ ሰጥቶ።"

ሳምንቱ ወር ሆነ። የካቲትም ወጣ።
ድልድዩ እዚያው አለ፤ ይኸይስ አልመጣ።

አደራ ናት ብዬ፣ አኖርኳት ከመደርደሪያ፣
ከሞተር ዘይቱ ማዶ፣ ከማብሪያ ማጥፊያ።
ግን ወፍጮ ቤት ውስጥ ምን ይሰወራል?
ዱቄት ፈቃድ አይጠይቅ፣ በስፌት ያልፋል።
አንድ ቀን ጨርቁን ብፈታ፣ አሥሩም ቀዳዳ
የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የበርበሬ ጓዳ።

በዶሮ ላባ ሞከርኩ፤ በስንደዶ ሞከርኩ፤
ሲያቅተኝ ጊዜ፣ አፌን አስጠግቼ እፍ አልኩ።

እፍ ስል ጮኸች፤ ደነገጥኩ እንደ ሌባ፣
ዞር ብዬ አየሁ በሩን፣ ሰው እንዳይገባ።
ያየኝ ሰው አልነበር፤ ቀበቶው ይዞራል፣
ሞተሩ ያጓራል፣ ሁሉን ድምፅ ይውጣል።

ማውጣቱስ ደግ ነበር፤ ወደ ውስጥ ስስብ ግን፣
የቀረው በርበሬ ለበለበው ጉሮሮዬን።
ሳል፣ እንባ፣ ንፍጥ ሆንኩ። ባንቺዓምላክ፣ እናቴ፣
"ጉንፋን ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኩ፣ በውሸቴ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አወጣሁ ለራሴ፦
በፊት አፌን በውኃ፣ ጣቴን በቀሚሴ፤
ቆሎ በልቶ መንፋት ነውር ነው፣ ክልክል፣
ምላሷ የነሐስ ነው፣ ስስ፣ እንደ ቅጠል።
ሲያበቃ በመዳፍ፣ ወደ ታች መታ መታ፣
ምራቁ እንዲወርድ፣ ሳይደርቅባት ማታ።
ውኃ አላስነካትም፤ እንጨቱ ያብጣል፣
ያበጠ እንጨት ደግሞ ከንፈርን ይልጣል።
የላላች ብሎኗን በምላጭ ጫፍ አሰርኩ፣
አራተኛው ዝም ሲል፣ በአንድ ፀጉሬ ኮረኮርኩ።

ዜማ ማን አስተማረኝ? ድንጋዩ፣ ቋቱ፣
ጤፍ ሲሆን ቅጥነቱ፣ በቆሎ ሲሆን ውፍረቱ።
አራተኛው ላይ ተነፈስኩ፣ አምስተኛውን ሳብኩ፣
ጤፉን አገኘሁት!
ብቻዬን ሳቅኩ።

በሚያዝያ በቆሎውን። በግንቦት፣ መብራት ሲጠፋ፣
ወፍጮው ቆመ ድንገት፤ የእኔ ድምፅ ብቻ ሰፋ።
ወረፋ የያዙ ሴቶች፣ አህያም ሳይቀር፣
ጆሮ አቀኑልኝ። ልብሴ ዱቄት ነበር፣
ፊቴም ዱቄት ነበር፤ ባይሆን ምን ይውጠኝ፣
ዕፍረት ከሥር ሲያቀላኝ፣ ከላይ ነጭ ሸፈነኝ።
እትዬ ጥሩአየሁ፣ "ለሠርግስ ይበቃል፤
ግን አንቺ ልጅ፣ ጤፌስ መቼ ይፈጫል?"

ሐምሌ ላይ ወሬ መጣ፦ ወደ ዓባይ በረሃ
መኪና ተገለበጠ፣ መንገዱን ሸርሽሮት ውኃ።
የሾፌሩን ስም የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ያን ማታ፣
እንዳይመጣ የተመኘሁባቸውን ሌሊቶች ቆጠርኩ፣ በጸጥታ።

መስከረም ላይ መጣ፤ ከስቶ፣ በከዘራ፣
"አለች?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ገና ከደጅ ሲጣራ።
መቶ ሰባውን ቆጠረ፣ በላዩ ሠላሳ፣
"ለወለድ" አለኝ። እጄ ግን አልተነሣ።

ጨርቁን ፈታ። አየ። አሸተተ። ነፋት።
አራተኛው ላይ ቆመ። "ይችን ማን ነካት?
እንዲህ አትጠራም ነበር" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣
ከንፈሬን አይቶ፣ ዱቄቱን አስተውሎ።
ምንም አልጨመረም። ከኪሱ ከተታት፣
ደረቱን መታ መታ፣ እንደ ሕፃን አባበላት።

በሰማያዊው ደብተር "ተከፍሏል" ብዬ ጻፍኩ፤
ይኸይስን፣ መቶ ሰባውን፣ በቀይ መስመር ሰረዝኩ።
ስድስት ወር የገባ፣ ስድስት ወር የወጣ
ትንፋሽ የሚጻፍበት፣ ዓምድ ግን ከየት ይምጣ?

ከሰዓት ጤፍ መጣ። ሾለ፣ ሳላዘው፣ ከንፈሬ፤
አየር ሳብኩ፣ ባዶውን።
ጣዕሙ ግን በርበሬ።